የፀሐይ አገር ሴቶችና ቫይታሚን ዲ

አዋሽና ሰመራ ፀሐይ አነሰባቸው የሚል ሰው የለም። ነገር ግን የፀሐይ መኖርና ፀሐይ ማግኘት ለየቅል ናቸው፤ ብዙዎቻችን ቢሮና ሱቅ ውስጥ እንውላለን፣ ስንወጣም ጥላ እንፈልጋለን። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት በአዳማና ዙሪያዋ ከተመረመሩት ተማሪዎች 42 በመቶው የቫይታሚን ዲ እጥረት ነበረባቸው፤ እጥረቱ ከገጠሩ ይልቅ በከተማ ልጆች ላይ በዝቶ ተገኘ።

ይህ ቫይታሚን ዛሬ ከፒሲኦኤስ ጋር ይነሳል። ስታይንና ሌቨንታል የተባሉ የቺካጎ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1935 ሕመሙን በሰባት ሴቶች ላይ ገለጹ፤ የወር አበባቸው ተዛብቶ፣ የእንቁላል ማምረቻቸው አብጦ ነበር። ሕክምናውም ከማምረቻው ቆርጦ ማውጣት ሆነ። ከኢንሱሊን ጋር ያለው ዝምድና በጥናት የታየው ግን ከ45 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝቶ ያመነጫል፤ ትርፉም የወንዴ ሆርሞንን ያበዛል፣ እንቁላል በጊዜው እንዳይወጣ ያደርጋል። ስለዚህ «መካን» እየተባለች የምትወቀስ ሴት ጥፋት የለባትም።

ቫይታሚን ዲ የኢንሱሊንን ሥራ ያሻሽል እንደሆነ በብዙ አገር ተሞክሯል። በአንዳንዱ ሙከራ ረድቷል፣ በሌላው ለውጥ አልታየም። ከመጠን ካለፈም ካልሲየምን አብዝቶ ኩላሊት ይጎዳል።

በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ሳየው፣ ማኅበራችን ለሕክምና ከሚያወጣው ገንዘብ የሐኪም ምክርና የስኳር ምርመራ ይቅደሙ። ክኒኑ እጥረቷ በምርመራ ለተረጋገጠ እህት ይሁን።