ሽታ አልባው ጋዝና ያልጠበቀው ብሎን

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። እኛም ስለ ሃይድሮጂን ማደያ ልናወጋችሁ ስንነሣ ከ1937 እንጀምራለን። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ከአሁኑ እንግባባ።)

ሃይድሮጂን ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ሂንደንበርግ ነው። ያ ግዙፍ የጀርመን አየር መርከብ ሜይ 6 ቀን 1937 በኒው ጀርሲ ሌክኸርስት ሊያርፍ ሲል በእሳት ጋየ። ተሳፍረው ከነበሩት 97 ሰዎች 35ቱ፣ ከመሬት ደግሞ አንድ ሠራተኛ ሞቱ። ካሜራም የሬዲዮ ዘጋቢም በቦታው ስለነበሩ እሳቱ በፊልም፣ የዘጋቢው ለቅሶ በድምፅ ተቀርጾ ቀረ። የሃይድሮጂን ስም የጠፋው ያን ቀን ነው።

እኛ ግን ለዛሬው ማደያ የሚጠቅመው ትምህርት ያለው ከዚያ ልክ ሰባት ሳምንት ቀድሞ በደረሰ ሌላ አደጋ ውስጥ ነው እንላለን።

ማርች 18 ቀን 1937፣ ኒው ለንደን፣ ቴክሳስ። አካባቢው በነዳጅ የበለጸገ፣ ትምህርት ቤቱም ባለጸጋ ነበር። ሆኖም የማሞቂያ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ከአንድ የነዳጅ ኩባንያ ቧንቧ ላይ ትርፍ የተፈጥሮ ጋዝ ተስቦ ይጠቀሙ ነበር። ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም። ከወለሉ ሥር እያፈተለከ ሲጠራቀም ማንም አላወቀም። ከሰዓት በኋላ አንድ የእጅ ሥራ መምህር የእንጨት ማለስለሻ ማሽን አበሩ፤ ከማሽኑ ብልጭታ ተነሣ፤ ሕንፃው ፈነዳ። ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን አለቁ። አደጋውን ሊዘግቡ ከደረሱት መካከል ዋልተር ክሮንካይት ነበረ፤ ኋላ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ስመ ጥር የሆነው ማለት ነው። ያኔ ገና የ20 ዓመት ልጅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቴክሳስ ጋዝ ላይ መጥፎ ሽታ እንዲጨመር በሕግ አስገደደች፤ ልማዱም እየሰፋ ሄደ። ቤታችን ያለው ቡታጋዝ ሲያፈተልክ አፍንጫችንን የሚሰነፍጠው የራሱ የጋዙ ሽታ እንዳይመስላችሁ። ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። መስኮት ክፈቱ፣ ክብሪት አትጫሩ እያለ የሚጮኸው እሱ ነው።

እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሃይድሮጂንም ሽታ የለውም፤ የቡታጋዙን ዘዴ ግን እሱ ላይ መጠቀም አልተቻለም። ለማሽተቻነት የሚጨመረው ንጥረ ነገር ድኝ አለበት፤ ድኝ ደግሞ የመኪናውን ፊውል ሴል ያበላሻል። በዚያ ላይ ሃይድሮጂን ከአየር 14 ጊዜ ያህል ስለሚቀል ሽታውን ጥሎት ይሄዳል። አየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ ሲደባለቅ ይቀጣጠላል፤ ነበልባሉም በቀን ብርሃን ለዓይን አይታይም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ማደያው የራሱ አፍንጫና ዓይን ያስፈልገዋል። አፍንጫው ጋዝ የሚለይ ሴንሰር፣ ዓይኑ ነበልባል የሚለይ መሣሪያ ነው። ጋዙ ሽቅብ ስለሚሄድ እንዳይጠራቀም ጣሪያው ክፍት ይደረጋል። መሙያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአጭር ግፊት ቱቦው አለማፍሰሱን ይፈትሻል። ሹፌሩ ቱቦውን ሳይነቅል ቢነዳ እንኳ መገጣጠሚያው ተላቅቆ በሁለቱም በኩል ይዘጋል። መኪና ውስጥ የሚገባው ጋዝ ግፊቱ 700 ባር ነው። የመኪና ጎማ ከ2 ባር ብዙ እንደማይበልጥ አስቡና አወዳድሩት።

ይህ ሁሉ እያለ ጁን 10 ቀን 2019 በኖርዌይ፣ ከኦስሎ አጠገብ ባለችው ሳንድቪካ አንድ የሃይድሮጂን ማደያ ፈነዳ። ሰው አልሞተም፤ በአቅራቢያው መኪና ውስጥ የነበሩ ሁለት ሰዎች የአየር ከረጢት ፈንድቶባቸው ተጎዱ። ቶዮታና ሃዩንዳይ በአገሪቱ የሃይድሮጂን መኪና መሸጥ ለጊዜው አቆሙ። ሁሉም አንድ የረቀቀ ምክንያት ይጠብቅ ነበር። ምርመራው ያገኘው ግን የጋኑን አፍ በሚዘጋው ውታፍ ላይ በሚገባ ያልጠበቁ ብሎኖች ነው። ጋዙ መጀመሪያ በቀስታ አፈተለከ፤ ማሸጊያው ተበላ፤ ውታፉ ተነሣ። ማደያውን የሠራው ኔል የተባለ ኩባንያ በ2021 የ25 ሚሊዮን ክሮነር ቅጣት ተቀበለ።

መፍትሔውም እንደ ችግሩ ተራ ነበር። ኩባንያው ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አስፈተሸ። አንዱ ያጠበቀውን ሌላው አይቶ እንዲያረጋግጥ፣ ምልክትም እንዲደረግበት ደነገገ። በጋኖቹ ዙሪያ የነበረው ጠጠር በለስላሳ ወለል እንዲተካም ወሰነ።

ወገኖቻችን፣ ታሪክ የሚያስታውሰው በካሜራ የተያዘውን እሳት ነው። የሂንደንበርግን ፎቶ ያላየ ማን አለ? የኒው ለንደንን ልጆች ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? ሆኖም ዛሬ ማታ ቡታጋዝ የሚለኩስ ሰው ሁሉ የእነሱ ባለዕዳ ነው። ሽታ ሊኖረው ለማይችለው ጋዝ ደግሞ ያለን ዋስትና ሴንሰሩና ብሎን ያጠበቀውን ሠራተኛ ሥራ ደግሞ የሚያይ ሁለተኛ ሰው ነው። ያ ሁለተኛ ሰው የቀረበት ቀን ኖርዌይ ላይ ምን እንደሆነ አይተናል።

ቸር ይግጠመን።