ዲሚታር ቤርባቶቭ፦ "ሰነፍ" የተባለው ኮከብ ጎል አስቆጣሪ

ክለባችሁ ፕሪምየር ሊጉን በልቷል። እናንተ ደግሞ የሊጉ ኮከብ ጎል አስቆጣሪ ናችሁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ክለባችሁ የቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ ሲጫወት ግን ተቀያሪ ወንበር ላይ እንኳ ቦታ የላችሁም። ይሄ በ2011 ቡልጋሪያዊው አጥቂ ዲሚታር ቤርባቶቭ ላይ በእውን ደርሷል። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ከመነሻው እንነግራችኋለን። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤርባቶቭ የተወለደው ጃንዋሪ 30፣ 1981 በደቡብ ምዕራብ ቡልጋሪያ በምትገኘው ብላጎኤቭግራድ ከተማ ነው። አባቱ ኢቫን እግር ኳስ ተጫዋች፣ እናቱ ማርጋሪታ ደግሞ የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበሩ። ልጁ በከተማው ክለብ ፒሪን ጀምሮ በ17 ዓመቱ አባቱ ወደተጫወተበት ትልቅ ክለብ፣ ወደ ሲኤስኬኤ ሶፊያ ሄደ።

ጊዜው ግን ቀላል አልነበረም። የኮሚኒስቱ ሥርዓት ከወደቀ በኋላ በቡልጋሪያ የማፊያ ቡድኖች ገንዘብም ጉልበትም ያገኙበት ዘመን ነው። እጃቸው እግር ኳስ ውስጥም ገብቶ ነበር። ቤርባቶቭ በኋላ ራሱ እንደተናገረው፣ በ18 ዓመቱ ሰዎች አፍነው ወደ አንድ የማፊያ አለቃ ወሰዱት። የፈለጉት ነገር አለቃቸው ለሚፈልገው ክለብ እንዲፈርም ነው። ልጁ ለአባቱ ደወለ፤ አባትየው ሰው ፈልጎ፣ ተነጋግሮ አስለቀቀው። እዚያ ቀን ነገሩ ቢበላሽ ኖሮ ዛሬ ስሙን ላናውቀው እንችል ነበር።

በ2001 መጀመሪያ ወደ ጀርመኑ ባየር ሌቨርኩሰን ተዛወረ። በ2002 ሌቨርኩሰን ሊጉን በአንድ ነጥብ አጣ፣ የጀርመን ዋንጫ ፍፃሜ ላይ ተሸነፈ፣ በቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ ደግሞ በሪያል ማድሪድ 2 ለ 1 ተረታ። በዚያ የግላስጎው ፍፃሜ የ21 ዓመቱ ቤርባቶቭ ተቀይሮ ገብቶ ነበር። ቀስ እያለ ግን የቡድኑ ዋና አጥቂ ሆነ። በ2004/05 የውድድር ዘመን 20፣ በቀጣዩ ደግሞ 21 የሊግ ጎል አገባ።

በ2006 ቶተንሃም በ10.9 ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደው። እንግሊዝኛውን ያጎለበተው የማፊያ ፊልሙን "ዘ ጎድፋዘር"ን እየደጋገመ በማየት እንደሆነ ተናግሯል። ከሮቢ ኪን ጋር የፈጠረው ጥምረት ለተከላካዮች ራስ ምታት ሆነ። በዲሴምበር 2007 ስፐርስ ሬዲንግን 6 ለ 4 ሲያሸንፍ ብቻውን 4 ጎል አስቆጠረ። በፌብሩዋሪ 2008 የሊግ ካፕ ፍፃሜ ቼልሲ ላይ ቡድኑን አቻ ያደረገው በፍፁም ቅጣት ምት የእሱ ጎል ነው፤ ጨዋታው 2 ለ 1 አለቀ። ቶተንሃም ከዚያ በኋላ ሌላ ዋንጫ ለማንሳት እስከ 2025 ድረስ 17 ዓመት ጠብቋል!

በዚያው ዓመት የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሰዓታት ሲቀሩ ማንቸስተር ሲቲም ፈልጎት ነበር። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ግን ራሳቸው ኤርፖርት ሄደው ተቀበሉት። ማንቸስተር ዩናይትድ 30.75 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ፤ ያኔ የክለቡ ሪከርድ ነበር።

"ሰነፍ" የሚለው ስም የገነነው እዚህ ነው። ዩናይትድ ሩኒና ቴቬዝ ኳስ ለማስመለስ ሲሮጡ ማየት የለመደ ክለብ ነው። ቤርባቶቭ ደግሞ ይራመዳል፣ ቆሞ ያያል፣ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ነገር ግን በኦክቶበር 2008 ከዌስትሃም ጋር ያደረገውን ፈልጋችሁ እዩ። ከሜዳው ልትወጣ የደረሰች ኳስ መስመሩ ላይ በአንድ ንክኪ አቆመ፣ በዚያው ተከላካዩን ዞረው፣ ከዚያ ለሮናልዶ አቀበለ። ጎል! ብዙ መሮጥ ያላስፈለገው ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ ስለምትታዘዝለት ነው።

ትልቁ ዓመቱ 2010/11 ነው። ሊቨርፑል ላይ ሃትሪክ ሠራ፤ አንዱ ጎል ጀርባውን ሰጥቶ በመቀስ ምት ያገባው ነው። ብላክበርን 7 ለ 1 ሲሸነፍ 5ቱን እሱ አስቆጠረ። በመጨረሻም በ20 ጎል የኮከብ ጎል አስቆጣሪነቱን ክብር ከካርሎስ ቴቬዝ ጋር ተጋራ።

ታዲያ ለምን ከፍፃሜው ቀረ? ፈርጉሰን ከባርሴሎና ጋር ሩኒንና ፈጣኑን ቺቻሪቶን አሰለፉ፤ ለተቀያሪ አጥቂነት ማይክል ኦውንን መረጡ። አንድ ሐቅ አለ፦ ከ20ዎቹ ጎሎች 11ዱ የገቡት በሦስት ጨዋታ ብቻ ነው፤ በሊቨርፑል፣ በብላክበርንና በበርሚንግሃም ላይ፣ ሁሉም በኦልድትራፎርድ። ፈርጉሰን ፍጥነት ፈለጉ ማለት ይቻላል። ግን ዩናይትድ 3 ለ 1 ተሸነፈ፣ ቤርባቶቭም ያን ቀን የዓመቱን ልፋት ሳያሳይ ቀረ።

በ2012 ወደ ፉልሃም ሄደ። በዲሴምበር ሳውዝሃምፕተን ላይ ጎል አግብቶ መለያውን ሲገልጥ ከስር የለበሰው ቲሸርት "ተረጋጉና ኳሷን ለኔ አቀብሉኝ" የሚል ነበር። ቢጫ ካርድ አየ፤ ደጋፊው ግን እስከዛሬ ያስታውሰዋል። ከዚያ በሞናኮ፣ በግሪኩ ፓኦክና በህንዱ ኬራላ ብላስተርስ ተጫውቶ በ2019 ጫማውን ሰቀለ። በፕሪምየር ሊግ ያገባቸው ጎሎች 94 ናቸው።

ለሀገሩ 48 ጎል አስቆጥሮ የቡልጋሪያ የምንጊዜም ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆኗል፤ ሪከርዱ ከታላቁ ሂሪስቶ ስቶይችኮቭም ይበልጣል። ግን ስቶይችኮቭ በ1994 ቡልጋሪያን ለዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍፃሜ ካበቁት አንዱ ነው። ቤርባቶቭ ዓለም ዋንጫ ተጫውቶ አያውቅም። ያገኘው ትልቅ መድረክ የ2004ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ብቻ ነበር፤ እዚያም ቡልጋሪያ ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች። በ2021 የሀገሩን የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ለመምራት ተወዳድሮ በጠባብ ልዩነት ተሸንፏል።

እኛ የምንለው ይህን ነው፦ ተጫዋችን በሮጠው ኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ ሰው ቤርባቶቭን አይረዳውም። ሰነፍ ሰው አምስት ጎል በአንድ ጨዋታ አያገባም። እናንተ በፈርጉሰን ቦታ ብትሆኑ በዚያ ምሽት ኮከብ ጎል አስቆጣሪያችሁን ከቡድኑ ውጪ ታደርጉት ነበር?