የቆርቆሮ ሚስማር

የቆርቆሮ ሚስማር የጣሪያ ቆርቆሮን ከእንጨት ጋር ለማያያዝ የሚያገለግል፣ ራሱ እንደ ጃንጥላ የሰፋና በዚንክ የተለበጠ የብረት ሚስማር ነው። በዚንክ የመለበጥ ሥራ ጋልቫናይዜሽን ይባላል፤ ስያሜው ከጣሊያናዊው ሳይንቲስት ከሉዊጂ ጋልቫኒ የመጣ ነው።

በደቡብ ኦሞ ባህላዊው የሣር ክዳን ቤት እንጨቱ ስለሚታሰር ሚስማር አያስፈልገውም። እንደ ጂንካ ባሉ ከተሞች የተለመደው የጭቃ ቤት ግን ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። የጂንካ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በበልግና በመጸው፣ ስለሚበረታ ሚስማሩ ከዘገገ ጣሪያው መጀመሪያ የሚያፈሰው በሚስማሩ ቀዳዳ ነው፤ ነፋስ ቆርቆሮውን የሚገነጥለውም ከዚያው ነው።

ዚንክ ብረቱን የሚጠብቀው በመሸፈን ብቻ አይደለም። ልባጡ በመዶሻ ቢጫር እንኳ ዚንኩ ቀድሞ እየተበላ የተጋለጠውን ብረት ያቆየዋል። ስለዚህ የሚስማሩን ዕድሜ በዋናነት የሚወስነው የዚንኩ ውፍረት ነው። 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሞቀ ቀልጦ ዚንክ ውስጥ የተነከረ ሚስማር 40 ማይክሮሜትርና ከዚያ በላይ ልባጥ ሊይዝ ይችላል። በኤሌክትሪክ የተለበጠው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 12 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ገዢን የሚያሳስተው መልካቸው ነው፦ የሚያብረቀርቀውና ለስላሳው ስስ ልባጥ ያለው ሲሆን፣ ደብዘዝ ያለ ግራጫና ሻካራው ወፍራሙ ነው። ለጣሪያ ሁለተኛው ይመረጣል። ለማገርና ዝናብ ለማይነካው የውስጥ እንጨት ዚንክ የሌለው ተራ ሚስማር ይበቃል፤ ለዚያ ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት ትርፍ ነው።

የግንዱ ቅርጽም ልዩነት ያመጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሸበሸብ ለስላሳ ሚስማር ይላላል፤ ግንዱ የተጠማዘዘ ወይም ቀለበታማ የሆነው ይበልጥ ይይዛል። ቆርቆሮውም ራሱ ይንቀሳቀሳል። 2 ሜትር የሚረዝም የብረት ቆርቆሮ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ 1 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያጥራልም። በኦሞ ቆላ ፀሐይ ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ቀዳዳው ይሰፋል። ከሚስማሩ ራስ ሥር የሚገባው ጎሚኒ ክፍተቱን ይደፍናል፤ ፀሐይ ካደረቀው ግን ይሰነጠቃል።

በኢትዮጵያ ገበያ ተራ ሚስማር የሚጠራው በሴንቲሜትር ርዝመቱ ነው፤ 8 ቁጥር ሲባል 8 ሴንቲሜትር ማለት ነው። የቆርቆሮ ሚስማር ርዝመት ሲመረጥ የቆርቆሮው ሞገድ ከፍታም ይታሰባል። ሚስማሩ ውኃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ሳይሆን በጉብታው ላይ ስለሚመታ 2 ሴንቲሜትር ያህሉ እንጨት ሳይነካ ይቀራል። ባለ 6 ሴንቲሜትር ሚስማር እንጨቱን የሚይዘው በ4 ሴንቲሜትሩ ብቻ ነው። ከልክ በላይ መምታት ጉብታውን ያጎደጉደዋል፤ ውኃም እዚያው ይጠራቀማል።

በእርጥብ መጋዘን የቆየ ሚስማር ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ሊታይ ይችላል። ይህ የዚንኩ ዝገት ሲሆን ጥቂት ከሆነ ሚስማሩን ከመጠቀም አያግድም። ቀይ ዝገት ከታየ ግን በዚያ ቦታ ዚንኩ አልቋል ማለት ነው።