ፊደሉን ፎቶ ያደረግንባቸው ዓመታት

ባለፈው ሳምንት አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከጥቂት ዓመታት በፊት ያወጣውን መግለጫ ፈለግሁ። ጉዳዩን አስታውሳለሁ፤ አንዱን ዓረፍተ ነገርማ ቃል በቃል ነው የማስታውሰው። ዓረፍተ ነገሩን መፈለጊያው ላይ ጻፍኩት። ምንም የለም። ቃላት ቀነስኩ፣ "ሀ"ን በ"ሐ"፣ "ሰ"ን በ"ሠ" እየቀያየርኩ ሞከርኩ (በአማርኛ መረጃ የሚፈልግ ሰው ይህን ስቃይ ያውቀዋል)። አሁንም ምንም። በመጨረሻ ያገኘሁት ሁለት ሰዓት ያህል የመሥሪያ ቤቱን ገጽ በአውራ ጣቴ ወደ ታች ስገፋ ቆይቼ ነው። መግለጫው እዚያው ነበር፤ ማንም አልሰረዘውም። ግን ፎቶ ነው። አርማ ያለው፣ ማኅተም ያረፈበት፣ ትንሽ ጠመም ብሎ የተነሳ የወረቀት ፎቶ።

ይህን ልማድ ብዙዎቻችን እንደ ስንፍና እናየዋለን። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ነገር ግን ልማዱ ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ከእኛም አገር ያልጀመረ ታሪክ አለው። ድረ ገጽ የሚሠሩ ሰዎች በየዘመኑ የትኛውን መሣሪያ መረጡ፣ ለምን መረጡ፣ ምርጫውስ በኋላ ምን አስከፈለ የሚል ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቲም በርነርስ ሊ በ1991 ሰርን ከሚባለው የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ለዓለም ያቀረበው የመጀመሪያው ድረ ገጽ ጽሑፍና ሊንክ ብቻ ነበር። የታሰበው ተመራማሪዎች ሰነድ እንዲለዋወጡበት ስለነበር ውበት የማንም ጭንቀት አልነበረም። በ1993 መጀመሪያ ላይ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሞዛይክ የተባለውን ብራውዘር ይሠራ የነበረው ወጣቱ ማርክ አንድሪሰን ሥዕል በጽሑፍ መካከል የሚገባበትን ትእዛዝ ሐሳብ አቀረበ። በርነርስ ሊን ጨምሮ ሌሎች ሰዎች ጉዳዩን ሰፋ አድርገን እንየው ቢሉም አንድሪሰንና ባልደረቦቹ ሠርተው አወጡት። የምንጠቀመውም እስከ ዛሬ እሱኑ ነው።

ሥዕል ሲገባ ዲዛይነሮች ተከትለው ገቡ። እነዚህ ሰዎች ከመጽሔትና ከማስታወቂያ የመጡ ናቸው፤ የፊደል ቅርጽ መምረጥ፣ ርእስን ማስዋብ፣ ዓምድ መደርደር ሙያቸው ነው። ድረ ገጹ ግን ይህን ሁሉ ነፈጋቸው። የሚታየው በተመልካቹ ኮምፒውተር ላይ ያለ ፎንት ብቻ ነበር። ለዚህ መልስ ይሆናል የተባለው ሲኤስኤስ ደረጃ ሆኖ የጸደቀው በ1996 መጨረሻ ሲሆን ብራውዘሮች በወጉ እስኪቀበሉት ደግሞ ሌላ ብዙ ዓመት ወሰደ።

ታዲያ ምን አደረጉ? ርእሱን ፎቶሾፕ ላይ ጻፉና ሥዕል አድርገው ለጠፉት። ማውጫውን ሥዕል፣ ቁልፉን ሥዕል፣ አንዳንዴም ገጹን በሙሉ ሥዕል አደረጉት። በ1996 የወጣው የዴቪድ ሲግል የድረ ገጽ ዲዛይን መጽሐፍ የዘመኑ መማሪያ ነበር ማለት ይቻላል። ዝነኛ ያደረገው ዘዴ አንድ ነጥብ ብቻ የሆነች፣ ዓይን የማያያት ሥዕል በቃላትና በአንቀጾች መካከል እየወሸቁ ክፍተት ማስተካከል ነው። ለቁጥር የተፈጠረውን ሠንጠረዥም እንደ ቤት ምሰሶ አቁመው ገጽ ይገነቡበት ነበር። ሲግል ራሱ በኋላ ይህ መንገድ ድረ ገጽን እንደጎዳ አምኗል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ።

ዋጋው የሚታወቀው ከሞደሙ ወዲያ ማዶ ላለው ሰው ነው። በዚያ ዘመን የተለመደው 28.8 ኪሎቢት ሞደም በጥሩ ቀኑ በሰከንድ 3.6 ኪሎባይት ያመጣል። 60 ኪሎባይት የሆነ ያማረ የርእስ ሥዕል ለማየት 17 ሰከንድ ገደማ መጠበቅ ነው። ያው ርእስ በፊደል ቢጻፍ ከሰከንድ ሽራፊ ያነሰ ነበር።

ሌላው ዋጋ ዘግይቶ ነው የመጣው። ሥዕሎቹ በአብዛኛው ጂፍ ነበሩ። (ጂፍ ወይስ ጊፍ የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም፤ የፈጠረው ስቲቭ ዊልሃይት "ጂፍ" ስላለ እኔ ከእሱ ጋር ነኝ።) ኮምፒውሰርቭ የተባለው ኩባንያ በ1987 ያወጣው ይህ ፎርማት 256 ቀለም ብቻ ይችላል፤ ለአርማና ለቁልፍ ግን ይበቃ ነበር። ዓለም ሁሉ ከተጠቀመበት በኋላ በ1994 መጨረሻ፣ በገና ሰሞን፣ በውስጡ ያለው የማመቂያ ስሌት ባለቤት እንዳለው ተነገረ። የፈጠራ መብቱ የዩኒሲስ ነው፤ ጂፍ የሚሠራ ሶፍትዌር የሚሸጥ ሁሉ ይክፈል ተባለ። በነፃ የተሰጠን የመሰለን ነገር ኪራይ ሆነ።

በቁጣ የተነሱ ባለሙያዎች በወራት ውስጥ ፒኤንጂን ቀረጹ። በ1996 ጸደቀ፤ ከጂፍም በብዙ መልኩ የተሻለ ነበር። ሆኖም የተሻለ መሣሪያ መኖሩ ብቻ አይበቃም። ገበያውን የያዘው የማይክሮሶፍት ብራውዘር የፒኤንጂን ከፊል ግልጽነት በትክክል ማሳየት የጀመረው በ2006 በወጣው ሰባተኛ እትሙ ነው። ያ ሁሉ ሲሆን የዩኒሲስ መብት በአሜሪካ በ2003 ጊዜው አልፎበት ነበር።

ከጂፍ ያልተማረ ከፍላሽ ተምሯል። ፍላሽ በ1996 በሌላ ስም ተወልዶ ማክሮሚዲያ ገዛው፤ በ2005 ደግሞ አዶቤ ማክሮሚዲያን ጠቀለለ። እንቅስቃሴ፣ ድምፅ፣ ጨዋታ፣ የፈለጉት ፎንት፤ ዲዛይነር የተነፈገውን ሁሉ ፍላሽ ሰጠው። ጽሑፉ ግን በአንድ ድርጅት ፋይል ውስጥ የተቆለፈ ነበር፤ የመፈለጊያ ሞተሮች ለረጅም ጊዜ በወጉ ሊያነቡት አልቻሉም። በ2010 ስቲቭ ጆብስ ፍላሽ አይፎን ላይ እንደማይገባ በግልጽ ደብዳቤ አስታወቀ። (የራሱ ጥቅም እንደነበረበት አንርሳ፤ ክርክሩ ግን ስህተት አልነበረም።) አዶቤ በ2020 የመጨረሻ ቀን ድጋፉን አቆመ። ከሁለት ሳምንት በኋላም ማጫወቻው ራሱ ይዘቱን መክፈት እንዲያቆም ተደረገ። የብዙ ሺህ ሰዎች ሥራ ባዶ ግራጫ ሳጥን ሆኖ ቀረ። የተወሰነውን ያተረፉት በጎ ፈቃደኞችና ኢንተርኔት አርካይቭ ናቸው።

እስከዚህ ድረስ የላቲን ፊደል ያላቸው ሰዎች ታሪክ ነው። ልብ በሉ፤ እነሱ ፊደላቸውን ሥዕል ያደረጉት ለውበት ብለው ነው። እኛ ግን ምርጫ አልነበረንም።

የያኔዎቹ የኮምፒውተር ፎንቶች 256 ቦታ ብቻ ነበራቸው፤ ከዚያም ላይ ለማሽኑ የተያዘ አለ። ሠላሳ ሦስቱን ፊደል በሰባት ስታባዙት 231 ነው። ዲቃሎቹን እነ ሏን፣ ቁጥሮቹን፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዙን ስትጨምሩበት ከቦታው ያልፋል። አንዳንዱ ፎንት ሠሪ ፊደሉን በሁለት ፋይል ከፈለው፣ ሌላው ቅጥያዎቹን ለብቻ እያስቀመጠ ገጣጠመ። እያንዳንዱም የራሱን አደራደር ተከተለ። ኮምፒውተሩ አማርኛ አያውቅም፤ የላቲን ፊደል ላይ የአማርኛ ልብስ አልብሰነው ነው። ልብሱ ከሌለ፣ ማለትም ፎንቱ ያልተጫነበት ማሽን ላይ ከሆነ፣ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ክምር ነው።

በዚህ መካከል መላ የዘየዱ ነበሩ። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያቆብ በ1990ዎቹ ግእዝን በተራ የላቲን ፊደል የመወከያ ሥርዓት አወጡ፤ "ተ"ን በትንሹ፣ "ጠ"ን በትልቁ የላቲን ፊደል እያሉ። ብልህ ሥራ ነው፤ አንባቢው ግን የለመደው ፊደሉን ነው። ስለዚህ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በከፈቷቸው የመጀመሪያዎቹ ገጾች አማርኛ የሚታየው ከሦስት በአንዱ መንገድ ነበር፤ በሥዕል፣ "መጀመሪያ ይህን ፎንት አውርዱ" በሚል ማስታወቂያ፣ ወይም በፒዲኤፍ። ልጅ ሆኜ ኢንተርኔት ካፌ ውስጥ ሁለተኛው መንገድ ዋጋ አልነበረውም፤ ባለቤቱ ማሽኑ ላይ ምንም ነገር እንዳንጭን ይከለክላል። በደቂቃ የሚከፈልበት ቤት ውስጥ ሥዕል እስኪመጣ መጠበቅም ሌላ ቅጣት ነው።

በመስከረም 1999 ኢትዮጵክ ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ሀ" በዓለም ላይ የራሱ ቋሚ ቁጥር አለው፤ የማንም ፎንት ልብስ አይደለም። በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። ስልኮቹ ዘገዩ፤ ቀደም ካሉት ስማርት ስልኮች ብዙዎቹ አማርኛን በሳጥን ሰልፍ ነበር የሚያሳዩን። ዛሬ ያ ችግር የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፊደላችንን ሥዕል ለማድረግ የነበረን ምክንያት አልቋል። ልማዱ ግን ከምክንያቱ በላይ ዕድሜ አገኘ።

ከራሴ ልጀምር። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለሁ አንድ አዲስ ድረ ገጽ ላይ እጽፍ ነበር። ሦስት ክፍል ያለው፣ በመሬት ካሳ ላይ ለወራት የደከምኩበት ዘገባ ነበረኝ። ዲዛይነሩ መጽሔት የመሰለ ገጽ ሠርቶ በሥዕል አወጣው። አየሁትና ደስ አለኝ፤ እንዲያውም "እንዲህ ነው እንጂ!" ብያለሁ። ድረ ገጹ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ቅጂው አርካይቭ ላይ ይገኝ እንደሆነ ስፈልግ ገጾቹ አሉ፤ ሥዕሎቹ ግን አልተያዙም። የቀረልኝ ስሜ፣ ቀኑና ሦስት የተሰበረ ሥዕል ምልክት ነው። ያነጋገርኳቸው ገበሬዎች ቃል የለም። የእኔም ኮምፒውተር ተሰርቆ ነበር። ጥፋቱ የዲዛይነሩ ብቻ አይደለም፤ እኔም ፈርሜበታለሁ።

ይህ ጉዳይ ግን የጋዜጠኛ ቅጂ መጥፋት ብቻ አይደለም። ብሩስ ማጓየር የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ በ1999 የሲድኒ ኦሊምፒክ አዘጋጅ ኮሚቴን ከሰሰ። ድረ ገጹን በብሬይል መሣሪያ ሲያነብ ሥዕሎቹ ዝም ይሉታል፤ ምን እንደያዙ የሚናገር አጭር ጽሑፍ አልተጻፈላቸውም። ኮሚቴው ማስተካከሉ ከሁለት ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይና አንድ ዓመት የሚፈጅ ሥራ ነው ብሎ ተከራከረ። ለከሳሽ የቀረቡ ባለሙያዎች ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው አሉ። ነሐሴ 2000 የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን ለማጓየር ፈረደ። ኮሚቴው ትእዛዙን ሙሉ በሙሉ ባለመፈጸሙ በኅዳር 20,000 የአውስትራሊያ ዶላር ካሳ እንዲከፍል ተወሰነ። ዛሬ ስልኩ ጽሑፍ የሚያነብለት ዓይነ ስውር ኢትዮጵያዊ የፎቶ መግለጫ ሲደርሰው የሚሰማው ያንኑ ዝምታ ነው።

ይህን ያነሳሁለት አንድ ዲዛይነር ወዳጄ ሳቀብኝ። "ወንድሜ፣ ካርድ ካልሠራሁለት ማን ያነበዋል? ማኅተም ከሌለውስ ማን ያምነዋል?" አለኝ። የመጀመሪያው ጥያቄው እውነት አለው። ዓይን የሚይዘው ቀለም ነው፤ እኔም ካርድ አይታ ቆም የምትል እጅ አለኝ። ሁለተኛው ግን አያሳምነኝም። ማኅተም ከአንዱ ፎቶ ቆርጦ ሌላው ላይ መለጠፍ ስልክ ያለው ጎረምሳ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሐሰተኛ ደብዳቤ ሲሰራጭ ያየነውም በዚሁ በፎቶ መልክ ነው። ለማመሳከር የሚረዳን መሥሪያ ቤቱ በራሱ ገጽ ላይ በፊደል ያኖረው፣ ተፈልጎ የሚገኝ ጽሑፍ ነው።

የመሣሪያ ምርጫውም ያን ያህል አይከብድም። የሰው ፊትና የመንገድ ፎቶ ከሆነ ጄፔግ፣ ጠርዙ ጥርት ያለ ሠንጠረዥና ስክሪንሾት ከሆነ ፒኤንጂ፣ አርማና ካርታ ከሆነ ቢያጎሉት የማይደበዝዘው ኤስቪጂ፣ ቃል ከሆነ ደግሞ ፊደል። ካርዱ ይሠራ፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤም ይለጠፍ፤ ከሥሩ ሙሉ ጽሑፉ ይኑር። ይህ የምታነቡት ረጅም ጽሑፍ በሙሉ ከ30 ኪሎባይት አይበልጥም። አንድ የደብዳቤ ፎቶ ከዚህ ብዙ እጥፍ ዳታ ይበላል፤ ዳታው የሚቆረጠውም ከእናንተ ኪስ ነው።

ለማንኛውም መግለጫውን ቁጭ ብዬ በእጄ ገለበጥኩት። ፎቶ የሚያነቡ ፕሮግራሞችን ሞክሬ ነበር፤ ማኅተሙ ካረፈበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ዘባረቁ። እኔም ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆምኩ። የተጎጂዎችን ብዛት የሚናገረው ቁጥር ላይ የማኅተሙ ጠርዝ አርፎበታል፤ የመጀመሪያው አኃዝ 3 ይሁን 8 መለየት አልቻልኩም። ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ በጨዋነት አዳመጠችኝና "ወንድሜ፣ ገጻችን ላይ ተለጥፏል፤ እሱን ይመልከቱ" አለችኝ።