ደም የቋጠረ ላንቃ፣ በስህተት የሚወቀስ እንጥል

አንድ ሰው ትኩስ ተጋቢኖ ሲጎርስ ወይም ቆሎ ሲቆረጥም ላንቃውን ቆጥቆጥ ያደርገዋል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ጠቆር ያለ ቀይ እብጠት ይቋጠራል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይፈነዳና አፉን በደም ይሞላዋል። ባድሃም የተባለ ሐኪም በ1967 እ.ኤ.አ. «አንጂና ቡሎሳ ሄሞራጂካ» ብሎ የሰየመው ይህ ሕመም በብዛት ጎልማሶችንና አረጋውያንን ያገኛል፤ ለአስም በትንፋሽ የሚሳብ ስቴሮይድ በሚወስዱ ሰዎችም ላይ ታይቷል። እንደሚያስደነግጠው ግን አይከፋም፤ ቁስሉ በሳምንት አካባቢ ጠባሳ ሳይተው ይሽራል።

የሚያሳስበው የሚወጣበት ቦታ ነው።

እብጠቱ የሚመርጠው እንጥል የተንጠለጠለበትን ለስላሳውን ላንቃ ነው። ጉሮሮ ሲያብጥና ምግብ አልወርድ ሲል «እንጥል ወርዶ ነው» ብሎ ወደ ቆራጭ መሄድ ደግሞ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ በተለይ በሕፃናት ላይ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 561 እንጥል በመቁረጥ ሕፃንን ለሞት የዳረገ ሰው እንደሚቀጣ ደንግጓል። አዋቂም ቢሆን ከቆራጩ ምላጭ የሚያገኘው መድማትን፣ መመረዝንና ቴታነስን ነው።

አደጋው በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይብሳል። በአዳማ፣ በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በመቂና በባቱ ከክረምት መውጫ እስከ ታኅሣሥ ወባ ይበረታል። ፋልሲፓረምም ሆነ ቫይቫክስ የተባሉት የወባ ዝርያዎች ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሌትሌቶች ያመናምናሉ። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ፕሌትሌት አለው። በወባ የሚደርሰው መቀነስ ብዙውን ጊዜ አያደማም። ቁጥሩ ከ20 ሺህ በታች ካሽቆለቆለ ግን፣ በወባም ይሁን በደም ካንሰር ወይም ሰውነት የራሱን ፕሌትሌት በማጥቃቱ፣ አፍ ውስጥ የተቋጠረው ደም የከባድ መድማት ማስጠንቀቂያ ይሆናል። እንዲህ ባለ ሰው እንጥል ላይ ምላጭ ማሳረፍ ነፍሱን አደጋ ላይ መጣል ነው።

ትኩሳት፣ ነስር፣ የድድ መድማት ወይም በቆዳ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ከታየ፣ ወይም እብጠቱ ከአንድ በላይ ከሆነ፣ በዚያው ቀን ሙሉ የደም ቆጠራና የወባ ምርመራ ያስፈልጋል። ውጤቱ እስኪታወቅ አስፒሪንና ዳይክሎፌናክ መውሰድ አይገባም፤ ሁለቱም ደም እንዳይረጋ ያውካሉ። ሌላ ምልክት የሌለው ነጠላ እብጠት ሲሆን በቀዝቃዛ ውሃ መጉመጥመጥ፣ ከፈነዳ በኋላም ለብ ያለ የጨው ውሃ መጠቀምና ለስላሳ ምግብ መመገብ ይበቃል። አድጎ ትንፋሽ የሚያስቸግር ከሆነ ግን ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳል፤ እዚያ ባለሙያ በንጹሕ መርፌ ያፈስሰዋል። ቁስሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይድን ከቆየ እንደ ፔምፊገስ ያለ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ከሥጋው ናሙና ተወስዶ ይመረመራል።