ከገበያ አደባባይ ወደ ሸንተረር፦ የሴቻ ሠርጎችና የእይታው ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ለታሪክ ትምህርት እጅግ የቀለለ መስሎ ሊታይ ይችላል። በውጭ አገር ወይም በአዲስ አበባ የሚኖሩ ሙሽሮች ሠላሳ ወይም አርባ ሰው ብቻ ጠርተው ለመጋባት ሲያስቡ ስለምን ወደ ሴቻ ይመጣሉ? ከመጡስ በኋላ ፓራዳይዝ ሎጅን፣ ኃይሌ ሪዞርትን፣ ኤመራልድን ወይስ ነባሩን በቀለ ሞላ ሆቴልን ይምረጡ? የዋጋውን ጉዳይ ለሠርግ አሰናጆች እተዋለሁ። የእኔ ጥያቄ ሙሽሮቹ የሚመርጡትና የሚከፍሉበት ነገር ምን እንደሆነና ከየት እንደመጣ ነው።

የሚከፍሉት በዋናነት ለእይታው ነው። ከሴቻ ሸንተረር ጫፍ ላይ የቆመ ሰው በአንድ ወገን ቀላ ያለውን የአባያን ውኃ፣ በሌላ ወገን ሰማያዊውን ጫሞን፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይን፣ ከዚያም ማዶ የነጭ ሣርን ሜዳ ያያል። ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ በቦታው ነበረ፤ «ውብ እይታ» ተብሎ ለመሸጥ የበቃው ግን በቅርቡ ነው። የጋሞ ሕዝብ እንሰትና ገብስ የሚያለማው፣ ገበያና ሸንጎ የሚያቆመው በአብዛኛው በደጋው ነበር። ቆላው ወባ ያለበት፣ ሰው ሥራውን ፈጽሞ በቶሎ የሚመለስበት አገር ነበር። የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማም ጨንቻ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። መቀመጫው ወደ አርባ ምንጭ የወረደው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው፤ ያን ጊዜ ላይኛው ሴቻ የመሥሪያ ቤቶች፣ ታችኛው ሲቀላ የንግድ ሰፈር ሆነው ተለያዩ። ዛሬ ሙሽራ ነጭ ልብስ ለብሳ ፎቶ የምትነሣበት ሸንተረር ለአያቶቿ ትኩሳት የሚያስይዝ ቆላ ነበረ ማለት ነው።

አባያን ለአውሮጳ ካርታ «ማርጌሪታ» ብሎ የሰየመው በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጣው ጣሊያናዊው አሳሽ ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነበር፤ ለንግሥቲቱ ክብር። በሐይቁ ውስጥ ግን የጊዲቾ ደሴት ሰዎች በታንኳቸው ይቀዝፉ፣ ዓሣ ያጠምዱ፣ ጉማሬ ያድኑ ነበር፤ የሐይቁንም ስም የሚያውቁት እነርሱ ነበሩ። ቦታን ከላይ ቆሞ የማየት ልማድ ከቦታው ነዋሪዎች ጋር እምብዛም አይተዋወቅም።

ይህን ልማድ በእኛ አገር ሰው ዘንድ ካስተዋወቁት አንዱ አቶ በቀለ ሞላ ነበሩ ብዬ አምናለሁ። በስምጥ ሸለቆው መንገድ ከሞጆ አንሥቶ በላንጋኖ አልፎ እስከ አርባ ምንጭ በዘረጓቸው ሆቴሎች፣ መንገደኛው ለእንቅልፍና ለምግብ ብቻ ሳይሆን ሐይቅ እያየ ለመቀመጥም እንዲያርፍ አስለመዱት። ቀጥሎ በ1966 ዓ.ም. የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፤ ሜዳውም የዱር አራዊት አገር ተባለ። ነገር ግን ሜዳው ባዶ አልነበረም። ጉጂዎች ከብቶቻቸውን ያሰማሩበት ነበር፤ የኮሬ ገበሬዎችም ያርሱ ነበር። ኮሬዎቹ በ1996 እና 1997 ዓ.ም. ግድም ከፓርኩ ወጥተው ሌላ ስፍራ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በዚያው ዘመን አስተዳደሩን የተረከበው አፍሪካን ፓርክስ የተባለው ድርጅት የሰፋሪዎቹ ጉዳይ ስላልተፈታ በ2000 ዓ.ም. ለቅቆ ሄደ። ከሰገነት ላይ የሚታየው ጸጥታ እንግዲህ የተከራከሩበት ጸጥታ ነው።

አሁን ወደ ሠርጉ ልምጣ። ዲና ፍሪማን የተባለችው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ስለ ዶኮ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ሶፌ የሚባለውን ሥርዓት ትገልጻለች። አዲስ ያገባች ሴት በማስቃላ ጊዜ አጊጣ ወደ ገበያ ትወጣለች፤ በገበያው ትዞራለች፤ ሕዝቡም ያያታል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህ ነውና። በሶፌ የምትታየው ሙሽራይቱ ናት፤ ተመልካቹም የአገሩ ሰው ሁሉ ነው፤ የተጠራና ያልተጠራ የለም። ጋሞ ትልቅ ጉዳዩን በዱቡሻ፣ ማለትም በሸንጎው ሜዳ፣ በሰው ፊት የሚጨርስ ሕዝብ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው የወጣቶችን ቁጣ ያበረዱትም በአደባባይ ነበር። በሪዞርቱ ሠርግ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙሽሮቹና ጥቂት እንግዶቻቸው ተመልካች ይሆናሉ፤ የሚታየው አገሩ ነው። አንዳንድ ሎጆች ጎጇቸውን በዶርዜ ቤት አምሳል መሥራታቸውም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የዶርዜ የቀርከሃ ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው እየተቆረጠ ዝቅ የሚል፣ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ተሸክሞ የሚያዛውረው ቤት ነው። ያለ ጎረቤት የሚቆመው መልኩ ብቻ ነው።

ይህን ስል ትንሹን ሠርግ እየነቀፍሁ አይደለም። ለድግስ ሲባል የሚገባበትን ዕዳ ሁላችንም እናውቃለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚፈጸም ጋብቻ ከእያንዳንዱ ተጋቢ ወገን ሁለት ሁለት ምስክር እንጂ አምስት መቶ እድምተኛ አይጠይቅም። የእኔ ክርክር አራቱ ምስክሮች እነማን ይሁኑ የሚለው ላይ ነው።

ስለዚህ ምክር ለሚጠይቁኝ የምሰጠው መልስ ከሰገነቱ ስፋት አይጀምርም። በመጀመሪያ ወሩን ተመልከቱ እላለሁ። ከፋሲካ በኋላ የሚደገሰው የሠርግ ወቅት በአርባ ምንጭ ከዋናው ዝናብ ጋር ይገጥማል፤ ደመናው እይታውን ይጋርደዋል፤ ጎርፍ የሚያወርደው አፈርም አባያን ይበልጥ ያደፈርሰዋል። ጥር ደረቅ ነው፤ ሙቀቱ ግን ለሽማግሌዎች ይከብዳል። ከመስቀል በኋላ ያሉት ሳምንታት ጥቂት ዝናብ ቢኖራቸውም ትልቅ ብልጫ አላቸው፤ በሽሮ ሜዳ የሚሸምነው ወንድም ሳይቀር በዓሉን ለማክበር ወደ ጋሞ ደጋ ይመለሳልና።

ቀጥሎ መንገዱ አለ። ከጨንቻ እስከ አርባ ምንጭ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱና መጠምዘዣው ብዙ ነው። አያት በዚያ መንገድ ወርደው፣ በማያውቁት ሙቀት ውስጥ፣ ደረጃ በበዛበት ግቢ ሊቀመጡ ነው። የትኛው ሪዞርት መሬቱ ደልደል ያለ ነው? የወባ አጎበር ያለው ክፍል ለእርሳቸውም ተይዟል ወይስ ለውጭ እንግዶች ብቻ? ማታ የሚመልሳቸው መኪና አለ? ሙሽሮቹስ በማግስቱ ወደ ደጋው ወጥተው ገበያ መሐል ለመታየት አንድ ቀን ይተርፋቸዋል? ቀብድ ከመክፈላቸው በፊት እነዚህን ጠይቀው ቢመጡ፣ ስለ እይታው የምንነጋገርበት ሰፊ ጊዜ ይኖረናል።