ከአንቀጸ አሚን እስከ ይዋስፍ፦ ሃይማኖትን በንጽጽር ስለ ማጥናት



ደምበጫ ላይ ስለ ንጽጽራዊ ሃይማኖት ልናገር ስነሣ አንድ ጥያቄ ቀድሞኝ እንደሚቆም አውቃለሁ። «ልጄ ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ተቀኝቶ፣ ዲግሪውንም ይዞ ሲያበቃ የሌላው ሰው ሃይማኖት ምን ያደርግለታል?» የሚለው የወላጅ ጥያቄ ነው። ንቀት የለበትም፤ ልጄን አጣው ይሆን የሚል ሥጋት እንጂ።

መልሴን ከአውሮፓ አልጀምርም። ማክስ ሙለር በለንደን ስለ ሃይማኖት ሳይንስ ዝነኛ ንግግሮቹን ያሰማው እ.ኤ.አ. በ1870 ነው። የሌላውን መጽሐፍ በቋንቋው አንብቦ ከራስ መጽሐፍ ጋር ማስተያየት ግን በእኛ ዘንድ ከዚያ በሦስት መቶ ሠላሳ ዓመት ይቀድማል።

እጨጌ ዕንባቆም በትውልድ የመናዊ ነበሩ። ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ክርስትናን ተቀበሉ፤ በደብረ ሊባኖስ መንኵሰውም ለገዳሙ አለቅነት በቁ። የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር አብያተ ክርስቲያናትን ሲያቃጥል፣ እ.ኤ.አ. በ1540 ግድም፣ «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ ጻፉ። የሚያስደንቀኝ የሙግቱ ስልት ነው። ወንጌልን ብቻ ጠቅሰው ቢከራከሩ ተቀባዩ አይረታበትም። ስለዚህ የቁርኣንን ሱራዎች በየስማቸው እየጠሩ፣ ስለ ዒሳና ስለ መርየም የሚናገረውን እያወጡ ሞገቱ። ቤተ ክርስቲያን በሚነድበት ወራት የባላጋራን መጽሐፍ በጥሞና መግለጥ ለማንም ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ አንዳንድ ተማሪዎቼ ዕንባቆምን «የንጽጽራዊ ሃይማኖት አባት» ሊሏቸው ሲወዱ አልስማማም። አንቀጸ አሚን የእምነት መከላከያ ነው፤ መድረሻው ገና ከመነሻው የታወቀ ነው። የተጠቀሰውን አንቀጽ አንድ ዓሊም በተፍሲር ትምህርቱ እንዴት እንደሚፈታው መጽሐፉ ሊነግረን አልተጻፈም። የዛሬው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ግን ይህን ሊዘለው አይችልም፤ ወሎ ወርዶ የዓሊሞችን ደጅ መጥናት አለበት። የጻፈው ሲነበብለት ባለ እምነቱ «አዎን፣ የማምነው ይህን ነው» ካላለ፣ ሥራው ገና አልተጀመረም።

ዕንባቆም ሌላም ሥራ አላቸው፤ ለዚህ ጉባኤ የበለጠ የሚጠቅመው እርሱ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1553 «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መለሱ። ታሪኩ የአንድ የህንድ ንጉሥ ልጅ ነው። አባቱ ኀዘን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ይዘጋበታል፤ ልጁ ግን ወጥቶ በሽተኛውን፣ ሽማግሌውንና ሞትን ያውቃል፤ በመጨረሻም ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ይህን የሰማ የጎጃም መነኵሴ የራሱን ሕይወት የሰማ ያህል ይሆንበታል። ነገር ግን የታሪኩ ሥር የቡድሃ ሕይወት ነው። ቦዲሳትቫ የሚለው መጠሪያ በዓረብኛ ቡዳሳፍ ተባለ። በዓረብኛ ጽሕፈት በቃል መጀመሪያ «ባ» እና «ያ» የሚለዩት በነጥብ ቍጥር ብቻ ነው፤ አንዲት ነጥብ ብትጨመር ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆኖ ይነበባል። ከዚያ ወደ ግሪኩ ዮአሳፍና ወደ ግእዙ ይዋስፍ መንገዱ አጭር ነው። አንድ ነጥብ ቡድሃን ክርስቲያን መናኝ አደረገችው ማለት ግን ማጋነን ነው፤ ከነጥቧ በፊት ታሪኩን በየቋንቋው የወደዱ ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ሃይማኖት ሁሉ አንድ ነው» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አላጣም። ችኮላ ነው። ቡድሃ የሚነቃው በራሱ ጥረት ነው፤ ይዋስፍ ግን በመምህሩ በበረላም እጅ ይጠመቃል። ሁለቱ ታሪኮች አብረው ተጕዘው የሚለያዩት እዚያ ላይ ነው፤ አንባቢም ብዕሩን ማንሣት ያለበት እዚያው ነው።

ለጎጃም ልጅ ከባዱ ፈተና ግን ቡድሃም ቁርኣንም አይመስለኝም፤ የቅርቡ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቍጥር 38 ስለ ተነገረው «ቅብዐት» የተነሣው ክርክር ሊቃውንቱን ለዘመናት ከፋፍሎ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳን ጉባኤ እስከ መጥራት አደረሳቸው። ተዋሕዶና ቅባት የተፋጠጡት በዚሁ በጎጃም ምድር ነው። የተዋሕዶ ልጅ የሆነ ተማሪ የቅባትን ትምህርት ከነቃፊዎቹ አፍ ሳይሆን ከራሱ ከባለቤቱ ሰምቶ ያለ ስድብ አንድ ገጽ መጻፍ ከቻለ፣ ሩቁን አገር አያቅተውም። መጻሕፍተ ሊቃውንትን «አንድም» እያለ የሚያስኬድ የትርጓሜ ጉባኤ በዚህ ይረዳዋል፤ ሌላውን ፍች ሳይሰሙ የራስን ማጽናት እዚያ ነውር ነውና። ልዩነቱ የትርጓሜው «አንድም» ከአንድ እምነት አጥር የማይወጣ መሆኑ ነው።

ልጄን አጣው ይሆን ላላችሁኝ ወላጆች ዋስትና አልሰጥም። ዕንባቆም ቁርኣንን እያነበቡ መነኵሴ ሆነው ኖረዋል፤ በጥናቱ መካከል እምነቱ የተናወጠበትንም ተማሪ አውቃለሁ። ሁለቱንም መደበቅ አይገባኝም። ከልጃችሁ የምንፈልገው ግን ግእዙን ይዞ እንዲመጣልን ነው፤ ዓረብኛውን በመጀመሪያው ዓመት እናስጀምረዋለን።